በመጠናናት ጊዜ ራስን ይዞ መቆየት

በቀደመው ዘመን ጋብቻ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የሁለት ቤተሰቦች ጉዳይ ነበር። ሽማግሌ ከመላኩ አስቀድሞ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ የአባትየው ጠባይ፣ የእናትየው ሙያ፣ የቤቱ ሀብትና ዕዳ በጎረቤትና በዘመድ በኩል ይጠየቃል። ይህ ልማድ ብዙ በደል ነበረበት። ልጅቱ ራሷ ሳትጠየቅ፣ አንዳንዴም ገና ልጅ ሳለች የምትሰጥበት ሥርዓት ስለነበር ማንም ሊናፍቀው አይገባም። ይሁን እንጂ አንድ ጥቅም ነበረው፤ የሚያጠኑትና የሚጠይቁት ሰዎች ራሳቸው በፍቅር የተያዙ ስላልነበሩ የሚያዩትን ነገር በስክነት ያዩት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሕጉም ልማዱም ተለውጠዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ እንዲመሠረት ደነገገ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አደረገው። የመምረጥ መብት ለተጋቢዎቹ ሲሰጥ ግን የማጥናቱ ሥራም አብሮ በእነርሱ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ይህን ሥራ እንዴት እንደሚሠሩት ደግሞ አብዛኞቹን ማንም አላስተማራቸውም። በብዙ ቤት ስለ ፍቅር ጓደኛ ከወላጅ ጋር መነጋገር ዛሬም ያሳፍራል፤ ስለዚህ ልጆች የሚያውቁትን ሁሉ ከተከታታይ ድራማ፣ ከቲክቶክና ከእነርሱ የተሻለ ከማያውቅ ጓደኛ ይቀስማሉ። ሽማግሌ የሚጠራው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

የዚህ ማብራሪያ ዋና ጉዳይ አንድ ነው፦ መጠናናት የሚሠራው ሁለቱም ሰዎች ራሳቸውን ይዘው ሲቀርቡ ብቻ ነው። ለመወደድ ሲል ጠባዩን፣ ምርጫውንና አቋሙን የሚለውጥ ሰው ሁለት ነገር ያጣል። አንደኛ፣ ሌላው ወገን ማንን እንደመረጠ ሊያውቅ አይችልም፤ የመረጠው ለእርሱ ተብሎ የተሠራ ሰው ነውና። ሁለተኛ፣ ራሱ ሌላውን ማየት ይሳነዋል፤ ሐሳቡ ሁሉ «ወዶኝ ይሆን?» በሚለው ጥያቄ ስለሚያዝ «ይህ ሰው ለእኔ ይሆነኛል?» የሚለው ጥያቄ ተረስቶ ይቀራል።

ስለ ራስ ግልጽ መሆን

ብዙ ሰው «በራስ መተማመን» ሲባል የሚመጣለት ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ፣ በሰው ፊት የማያፍር፣ ደፍሮ የሚናገር ሰው ነው። በሥነ ልቦና ጥናት ውስጥ ግን እርስ በርሳቸው የሚለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ሰው ለራሱ የሚሰጠው ዋጋ ሲሆን፣ ሞሪስ ሮዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1965 ይህን የሚለካ አጭር መጠይቅ አዘጋጅቶ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ሁለተኛው ደግሞ ጄኒፈር ካምፕቤልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 መለኪያ ያወጡለት ነገር ነው፤ ሰው ስለ ራሱ የሚያምነው ነገር ምን ያህል ግልጽ እንደሆነ፣ እርስ በርሱ ምን ያህል እንደሚስማማ፣ ከአንዱ ጊዜ ወደ ሌላው ጊዜ ምን ያህል እንደሚጸና ያሳያል። በእኔ እምነት ለመጠናናት ይበልጥ የሚያስፈልገው ይህ ሁለተኛው ነው። ራሱን ከፍ አድርጎ የሚያይ ግን ምን እንደሚፈልግ የማያውቅ ሰው ብዙ አለና፤ በአንጻሩ ዓይን አፋርና ዝምተኛ ሆኖ ምን እንደሚቀበልና ምን እንደማይቀበል ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰውም አለ።

ይህ ግልጽነት ሲጎድል ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንዲት ልጅ ከመንፈሳዊ ልጅ ጋር ስትሆን ከጉባኤ የማትቀር፣ ከዚያ ከሌላ ጋር ስትሆን ቅዳሜን ያለ ጭፈራ ቤት የማታውቅ፣ ቀጥሎም ከነጋዴ ጋር ስትሆን ትምህርቷን ትታ ስለ ንግድ ብቻ የምታወራ ልትሆን ትችላለች። ይህችን ልጅ አስመሳይ ማለት ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ልክ አይደለም። በየጊዜው የሆነችውን ሁሉ ከልቧ ሆናዋለች፤ የጎደላት ወደ ግንኙነቱ ስትገባ ይዛ የምትገባው የራሷ የሆነ ነገር ነው። ወንዶችም ከዚህ ነጻ አይደሉም፤ የእነርሱ መለዋወጥ ብዙውን ጊዜ በገንዘብና በዕቅድ በኩል ስለሚመጣ ቶሎ አይታይም እንጂ።

ኤሪክ ኤሪክሰን የሰውን ዕድገት በደረጃ ሲከፍል ማንነትን የመፈለግን ጊዜ ከፍቅር ጊዜ ያስቀድመዋል፤ ማንነቱ ያልጸና ወጣት ከሌላ ሰው ጋር በጥልቀት ሲቀራረብ ራሱን እንዳያጣ ይፈራል የሚል ሐሳብ ነው። ጄምስ ማርሺያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 ይህን አስፍቶ፣ ማንነታቸውን ፈትሸው የያዙ ወጣቶችን ሌሎች ያዘጋጁላቸውን ማንነት ሳይፈትሹ ከተቀበሉት ለይቷል። የኤሪክሰን ቅደም ተከተል ለሁሉም አይሠራም፣ በተለይም ብዙ ሴቶች ማንነታቸውን የሚያገኙት በግንኙነት ውስጥ ሆነው ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ እኔም ትችቱ ተገቢ ይመስለኛል፤ ማንም ሰው ራሱን አውቆ እስኪጨርስ ከፍቅር ሊርቅ አይችልምና። የማርሺያ ልዩነት ግን ለእኛ አገር ወጣት ብዙ ይናገራል። የተማረበትን የትምህርት ዘርፍ፣ የሚሠራበትን መሥሪያ ቤትና የሚኖርበትን ከተማ ሌሎች የመረጡለት ሰው፣ የፍቅር ጓደኛውንም በተመሳሳይ መንገድ፣ ማለትም ሌሎች «ጥሩ ነው» ስላሉት ብቻ ሊመርጥ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጸና ማንነት ማለት ከቤተሰብና ከማኅበረሰብ መቆረጥ ማለት አይደለም። አንድ ሰው የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ታላቅ፣ የአንድ እምነት ተከታይ፣ የአንድ ሰፈር ልጅ መሆኑ የማንነቱ አካል ነው፤ እነዚህን ሁሉ አራግፎ የሚቀር «እውነተኛ ራስ» አለ ብሎ መፈለግ ሰውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል። ዋናው ነገር እነዚህን ወርሶ ከቆየ በኋላ የትኛውን አምኖበት እንደያዘው፣ የትኛውን ደግሞ ከፍርሃት የተነሳ ብቻ እንደተሸከመው መለየቱ ነው። «እኔ በጾም ወቅት ሥጋ አልበላም፤ ቤተሰቦቼ ስለሚቆጡ ሳይሆን ስለማምንበት ነው» የምትል ልጅ አቋሟን የማያከብር ሰው ሲመጣ ምን እንደምትል ታውቃለች።

ሌላው መታየት ያለበት ነገር የራስ ዋጋ በምን ላይ እንደተመሠረተ ነው። ጄኒፈር ክሮከርና ኮኒ ዎልፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ዋጋቸውን በተለያየ መሠረት ላይ እንደሚያቆሙት አስረድተዋል፤ አንዳንዱ በመልኩ፣ አንዳንዱ በሌሎች አድናቆት፣ አንዳንዱ በትምህርት ውጤቱ፣ አንዳንዱ በምግባሩ፣ አንዳንዱም በእግዚአብሔር ፍቅር ላይ። የአንድ ሰው ዋጋ ሁሉ በፍቅር ጓደኛው አድናቆት ላይ ከቆመ፣ ሳይመለስ የቀረ አንድ የስልክ ጥሪ ቀኑን ሙሉ ሊያጨልምበት ይችላል። ብዙ መሠረት ያለው ሰው ግን በዚያው ቀን ሥራው፣ ጓደኞቹ፣ ጸሎቱና የእናቱ ቤት ይደግፉታል። ስለዚህ ከአዲስ ሰው ጋር የሚጠናና ሰው የድሮ ጓደኞቹን፣ ሰንበቴውን ወይም ማኅበሩን፣ ስፖርቱንና ትምህርቱን እንዳይተው የሚመከረው ለአዲሱ ሰው ጊዜ ለመንፈግ ሳይሆን በአንድ እግሩ ብቻ እንዳይቆም ነው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት

እ.ኤ.አ. በ2005 ኸለን ፊሸር፣ አርተር አሮንና ሉሲ ብራውን የፍቅር ጓደኛ ከያዙ ብዙም ያልቆዩ ሰዎችን አእምሮ በምስል መሣሪያ አጥንተው ነበር። የሚወዱትን ሰው ፎቶግራፍ ሲያዩ ይበልጥ የሚሠራው የአእምሮ ክፍል ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር የሚመነጭበት፣ ሽልማትንና ፍላጎትን የሚመራው ክፍል ሆኖ ተገኝቷል። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ መዝጋቱ፣ ሐሳብ ሁሉ ወደ አንድ ሰው መሄዱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ስሜት እውነተኛና መልካም ነው፤ ሊያፍሩበትም አይገባም። ነገር ግን ስለ አፍቃሪው ሰው የልብ ሁኔታ ይነግረናል እንጂ ስለተወዳጁ ሰው ጠባይ ምንም አይነግረንም። አንድን ሰው በጣም መፈለግ ያ ሰው ታማኝ፣ ታጋሽ ወይም ቁም ነገረኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ከዚህ የሚከተለው ልማድ ቀስ ማለት ነው። በእነዚህ ወራት ትልልቅ ውሳኔዎችን፣ ማለትም አብሮ መኖርን፣ ሥራ መልቀቅን፣ ገንዘብ ማበደርን፣ ለቤተሰብ ቃል መግባትን ማዘግየት ይበጃል። ቀስ ማለት ግን ዝም ብሎ ጊዜን ማሳለፍ አይደለም፤ ጊዜው መረጃ የሚገኝበት መሆን አለበት። ለአንድ ዓመት ያህል በየሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ በካፌ ተገናኝተው ማኪያቶ የጠጡ ሁለት ሰዎች እርስ በርስ የሚተዋወቁት በአንድ ፊታቸው ብቻ ነው፤ ሁለቱም ለብሰው፣ ተዘጋጅተው፣ ለጥቂት ሰዓት ጠባያቸውን አሳምረው የመጡ ናቸውና።

ደግነቱ የእኛ ኑሮ ሰውን በብዙ ሁኔታ ለማየት ዕድል ይሰጣል። አንድ ሰው ለቅሶ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያወርዳል፣ ወይስ ጥግ ይዞ ስልኩን ይነካካል? በበዓል ዋዜማ ገንዘብ አጥሮት ቤተሰቡ ሲጠብቀው እንዴት ይሆናል? አስተናጋጅ የተሳሳተ ምግብ ስታመጣለት፣ የታክሲ ረዳት መልስ ሲያስቀርበት፣ የቤት ሠራተኛ ብርጭቆ ስትሰብርበት ድምፁ ወዴት ይሄዳል? ከእናቱና ከእህቶቹ ጋር እንዴት ይነጋገራል? ሲሳሳት «ይቅርታ» ይላል ወይስ ጥፋቱን ወደ ሌላ ያዞራል? ስለ ቀድሞ የፍቅር ጓደኞቹ ሲናገር ሁሉም ክፉ፣ እርሱ ብቻ ተበዳይ ናቸው? እነዚህ ጥያቄዎች ለሴትም ለወንድም እኩል ይሠራሉ፤ መልሳቸውም በንግግር ሳይሆን በማየት ይገኛል። የድሮዎቹ ሽማግሌዎች በጎረቤት በኩል ይፈልጉት የነበረው መረጃ ይኸው ነበር፤ አሁን የሚፈልገው ራሱ ተጠናኙ ሆነ እንጂ። ስለዚህም አንድ ሰከን ያለ ዘመድ ወይም የቅርብ ወዳጅ ያንን ሰው እንዲያገኘውና የታዘበውን በግልጽ እንዲናገር መጠየቅ ከልማዱ ውስጥ ሊጠበቅ የሚገባው ክፍል ይመስለኛል። ያ ወዳጅ ደስ የማይል ነገር ሲናገር አለመቆጣት ግን የጠያቂው ድርሻ ነው።

ከአገር ርቀው ለሚጠናኑ ሰዎች ይህ ሁሉ ይከብዳል። አዲስ አበባ ያለችና ዋሽንግተን ያለ ሁለት ሰዎች በቪዲዮ ሲነጋገሩ እያንዳንዳቸው የሚያሳዩት የመረጡትን ሰዓትና የመረጡትን የክፍላቸውን ጥግ ነው። የአሜሪካ የእጮኛ ቪዛ ሕግ ሁለቱ ሰዎች ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል እንዲተያዩ፣ ቪዛ ያገኘችውም ወይም ያገኘው እጮኛ አሜሪካ ከገባ በኋላ በ90 ቀናት ውስጥ እንዲጋቡ ያስገድዳል። በእነዚህ 90 ቀናት አዲስ አገር፣ አዲስ ቋንቋና አዲስ ቤት ለመልመድ የሚታገል ሰው የሚያገባውን ሰው በእርጋታ ያጠናል ብሎ መጠበቅ አይቻልም፤ ጥናቱ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ከውጭ የመጣው ሰው የዕረፍት ጊዜው በግብዣና በጉብኝት ከተሞላ ሁለቱ የሚተያዩት በበዓል መልካቸው ብቻ ነው። ተራውን ቀን፣ ማለትም ገበያ መሄድን፣ መታመምን፣ ወረፋ መጠበቅን፣ መጨቃጨቅን አብሮ ማሳለፍ ከብዙ እራት ግብዣ ይበልጣል። ደግሞም ያለ ምንም ማሳመር የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ፦ የት ነው የምትሠራው፣ ከማን ጋር ነው የምትኖረው፣ ዕዳ አለብህ ወይ፣ ልጅ አለህ ወይ፣ ቀድሞ አግብተህ ነበር ወይ። ይህን በመጠየቁ የሚቆጣ ሰው ከጥያቄው መልስ በላይ ነግሮናል።

ይሉኝታና እምቢ ማለት

በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ሰውን ከራሱ የሚያርቅ ትልቁ ኃይል ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ክፉ ነገር ብቻ አይደለም፤ ሰውን ከነውር ይጠብቃል፣ ለጎረቤት እንድናስብ ያደርጋል፣ ታላቅን ያስከብራል። በመጠናናት ውስጥ ግን ብዙ ጉዳት ያመጣል፤ ምክንያቱም ሰው የማይፈልገውን ነገር የሚቀበለው በማመን ሳይሆን ሌላውን ላለማስቀየም ነው። እንቢታችንን የምንናገርበት መንገድም ያደናግራል። «እስቲ አያለሁ»፣ «ከተመቸኝ»፣ «እግዜር ያውቃል» የሚሉት መልሶች ለተናጋሪው እምቢታ ሲሆኑ፣ ለመስማት ለማይፈልግ ሰው ግን እሺታ ሆነው ይገኛሉ። ከዚያ አንዱ «ተስማምተን ነበር» ይላል፣ ሌላው «መቼ እሺ አልኩ?» ይላል።

ስለዚህ ከልማዶች ሁሉ የበለጠ ዋጋ የምሰጠው በትንሽ ነገር ላይ፣ በጊዜ፣ በትሕትና ግን በግልጽ እምቢ ማለትን ነው። «ነገ ምሳ አብረን እንብላ» ሲባል ከጓደኛዋ ጋር ቀጠሮ ያላት ልጅ ቀጠሮዋን ሰርዛ ከመሄድ ይልቅ «ነገ ከጓደኛዬ ጋር ቀጠሮ አለኝ፤ ሐሙስ ግን ይመቸኛል» ትበል። ነገሩ ትንሽ ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ያሳያል። «እሺ፣ ሐሙስ ይሁን» የሚል ሰው አለ። ቅር ብሎት ትንሽ ቆይቶ የሚለሰልስ ሰው አለ፤ ቅር መሰኘት የሰው ጠባይ ነውና ይህ አያስፈራም። «ከእኔ እርሷ ትበልጥብሻለች ማለት ነው?» ብሎ ቀጠሮውን እስክታስቀር ድረስ የሚያኮርፍ ሰውም አለ። ይህ የሚታወቀው እምቢ የሚባል ነገር ሲኖር ብቻ ነው። ሁልጊዜ እሺ የሚል ሰው ሌላው በተቃውሞ ፊት ምን እንደሚሆን ሳያውቅ ቀለበት ያስራል፤ የመጀመሪያውን እምቢታ የሚናገረውም ልጅ ከተወለደ፣ ብድር ከተገባ በኋላ ነው።

በዚሁ መስመር ቅናትን በተመለከተ ያለው እምነት ብዙ ወጣቶችን ጎድቷል። «ካልቀና አይወድም» ይባላል። መጠነኛ ቅናት ማጣትን ከመፍራት የሚመጣ ስሜት ስለሆነ ሁሉንም ሰው ሊነካ ይችላል፤ ዋናው ጉዳይ ሰውየው ቅናቱን ምን እንደሚያደርገው ነው። «ከእርሱ ጋር ስትስቂ ሳይሽ ከፋኝ» ብሎ ስሜቱን የሚናገር ሰው ስለ ራሱ እየተናገረ ነው። የስልክ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ፣ የቴሌግራም መልእክት የሚያነብ፣ የምትለብሰውን የሚወስን፣ ያለችበትን ቦታ ፎቶ አንስታ እንድትልክ የሚያዝ፣ ከጓደኞቿና ከእህቷ ቀስ በቀስ የሚያርቃት ሰው ግን ሌላ ሥራ ላይ ነው፤ ያ ቁጥጥር ነው። ቁጥጥር ከጊዜ ጋር እየላላ ይሄዳል ብሎ መጠበቅ ስሕተት ነው፤ እሺ በተባለለት ቁጥር ወደ ቀጣዩ ነገር ይሻገራልና። ሴቶችም በወንዶች ላይ ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ወንዱ ለማንም ለመናገር ስለሚያፍር ነገሩ ተደብቆ ይቀራል። ዛቻና ዱላ ከተጨመረበት ጉዳዩ የመጠናናት ጉዳይ መሆኑ አብቅቶ የሕግ ጉዳይ ሆኗል፤ በአገር ውስጥ ላሉ ሴቶች ከፖሊስ ሌላ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል።

ስለ አካላዊ ቅርበትም መርሑ ያው ነው። «ከወደድሽኝ እሺ ትያለሽ» የሚል ሙግት ፍቅርን እንደ ዕዳ ማስከፈያ ይጠቀምበታል፤ እሺታ በየጊዜው በነጻ የሚሰጥ፣ ከተሰጠም በኋላ ሊመለስ የሚችል ነገር ነው። እስከ ጋብቻ መቆየትን የመረጠ ሰው ምርጫውን በመጀመሪያው ወር ቢናገር ለሁለቱም ይበጃል። ያልመረጠም ሰው ስለ መከላከያና ስለ ምርመራ በግልጽ መነጋገር አለበት። ብዙ የእምነት ተቋማት ጋብቻ ከመፈጸማቸው በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት ይጠይቃሉ፤ ምርመራው በቅርብ ቀን የተያዘን ሰው ላያሳይ ስለሚችል ግን የጤና ባለሙያ በሚመክረው ጊዜ መድገም ተገቢ ነው።

የሚቀርብና የሚርቅ ሰው

ከብዙ ወጣቶች የሚሰማው ሌላ ጭንቀት አንድ ቀን ሰማይ የሚያወርድላቸው፣ በማግስቱ የሚጠፋባቸው ሰው ነው። ለሳምንት ይደውላል፣ ያሞግሳል፣ ስለ ልጆች ስም ሳይቀር ያወራል፤ ከዚያ መልእክቱ ተነብቦ መልስ ሳይሰጥ ይቀራል፤ ሊረሳ ሲቃረብ ደግሞ «ናፍቀሽኛል» ብሎ ይመለሳል። የሚገርመው ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው መላቀቅ በየቀኑ ከሚደውለው ሰው ከመላቀቅ ይልቅ የሚከብድ መሆኑ ነው። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ቻርልስ ፈርስተርና ቢ. ኤፍ. ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ሥራ ርግቦች ቁልፍ ሲጫኑ እህል እንዲያገኙ አድርገው ነበር። እህሉ መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅ መንገድ ሲሰጣቸው ርግቦቹ ቁልፉን ይበልጥ ይመቱ ነበር፤ እህሉ ከተቋረጠ በኋላም በመቱ ቁጥር ይሰጣቸው ከነበሩት ይልቅ ረጅም ጊዜ ይመቱ ነበር። አንዳንዴ ብቻ የሚመጣ ሽልማት ሰውንም እንዲሁ ያስራል። ስለዚህ «ይህን ያህል ካልረሳሁት እውነተኛ ፍቅር ነው» የሚለው መደምደሚያ አይጸናም፤ አለመርሳቱን የፈጠረው የሰውየው መልካምነት ሳይሆን አለመታመኑ ሊሆን ይችላል።

የሚረዳው ልማድ የመጨረሻውን መልካም ቀን ሳይሆን ያለፉትን ሦስት ወራት በሙሉ ማየት ነው። ስንት ጊዜ ቃሉን ጠበቀ? ስንት ጊዜ ያለ ምክንያት ጠፋ? ስንጠይቀው ያስረዳል ወይስ ጥያቄውን ጥፋት ያደርገዋል? እነዚህን በወረቀት ላይ ጽፎ ማየት ለአንዳንድ ሰው ቀዝቃዛ ሥራ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የተጎዳ ልብ የሚያስታውሰው የሚፈልገውን ብቻ ስለሆነ ወረቀት ያስፈልጋል። «ሦስት ዓመት አብሬው ሆኜ አሁን እንዴት እተወዋለሁ?» የሚለው ሐሳብም በዚያው ይፈተሽ፤ ያለፈው ዓመት ብንቀጥልም ብናቆምም አይመለስም፤ የሚወሰነው ስለሚመጣው ነው።

በዚህ ረገድ የልጅነት ጊዜም ድርሻ አለው። ሜሪ ኤንስወርዝ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኡጋንዳ፣ በኋላም በአሜሪካ እናቶችንና ሕፃናትን አጥንታ፣ ሕፃናት በአሳዳጊያቸው ላይ የሚኖራቸው መተማመን እንደሚለያይ አሳየች፤ ሲንዲ ሄዘንና ፊሊፕ ሼቨር እ.ኤ.አ. በ1987 ይህንኑ ሐሳብ ወደ አዋቂዎች ፍቅር አመጡት። መተውን በጣም የሚፈራ ሰው የሚርቀውን ሰው እያሳደደ ይደክማል፤ ቅርበትን የሚፈራ ሰው ደግሞ በተቀረበ ቁጥር ይሸሻል። ይህን ማወቅ ራስን ለመረዳት ይጠቅማል። ሌላውን ሰው ግን በአንድ ስያሜ ፈርጆ «እርሱ እንዲህ ዓይነት ነው» ብሎ መዝጋት፣ አሁን በማኅበራዊ ሚዲያ እንደሚደረገው፣ ሰውን ማጥናት ሳይሆን ከማጥናት ማምለጥ ነው፤ እነዚህ ጠባዮች በመልካም ግንኙነት ውስጥ ሊለወጡ ይችላሉና።

ገንዘብና አብሮ መኖር

ወንዱ ሁልጊዜ መክፈል አለበት የሚለው ልማድ ሁለቱንም ይጎዳል። ደመወዙን ደብቆ እየተበደረ የሚጋብዝ ወጣት አስቀድመን እንዳልነው የተሠራ ሰው እያቀረበ ነው፤ ልጅቱም የተከፈለላትን ሁሉ እንደ ዕዳ ልትቆጥረው ትችላለች። «ዛሬ እኔ፣ ነገ አንቺ» ወይም «በዚህ ወር አቅሜ ይህ ነው» ማለት በመጀመሪያ ያሳፍራል፤ በኋላ ግን ያሳርፋል።

የከበደው ጉዳይ በዓረብ አገሮች የሚሠሩ እህቶች ጉዳይ ነው። ለፍቅር ጓደኛቸው ለንግድ፣ ለመኪና ወይም ለቤት መሥሪያ ገንዘብ የሚልኩ ብዙ ናቸው፤ ንብረቱ በላኪዋ ስም ካልሆነ በኋላ ማስመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎች ያፈሩትን ንብረት የጋራ ነው የሚለው ግንኙነቱ ቢያንስ ሦስት ዓመት ከቆየ ነው፤ በስልክ የሚጠናኑ ሰዎች ደግሞ አብረው አልኖሩም። ስለዚህ ገንዘቡ በራስ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፤ የሚገዛው ነገርም በራስ ስም ይገዛ። ይህን ሲሰማ «አታምኚኝም ማለት ነው» የሚል ሰው የእምቢታውን ፈተና ወድቋል።

በከተማ ደግሞ የቤት ኪራይ ስለከበደ ሁለት ሰዎች ወጪ ለመቀነስ አብረው መኖር ይጀምራሉ። ስኮት ስታንሊ፣ ጋሊና ሮድስና ሃዋርድ ማርክማን እ.ኤ.አ. በ2006 ያነሱት ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ብዙ ጥንዶች ወደ ጋብቻ የሚደርሱት ወስነው ሳይሆን ተንሸራተው ነው። ዕቃ ይቀላቀላል፣ ውል በጋራ ይፈረማል፣ ጎረቤት «ባልሽ» ማለት ይጀምራል፤ ከዚያ መለያየት ስለሚከብድ ብቻ ይጋባሉ። አብረው ለመኖር ያሰቡ ሰዎች ዕቃ ከመጫኑ በፊት አንድ ምሽት ተቀምጠው «ይህ ለእኔ ወደ ጋብቻ የሚወስድ ነው፤ ለአንተስ?» ብለው ቢነጋገሩ መልሱ የተለያየ መሆኑን ቢያንስ ቀድመው ያውቁታል።

ሲለያዩ

አርተር አሮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ሰዎች ከወዳጃቸው ጋር ያላቸውን ቅርበት የሚያሳዩበት መለኪያ አዘጋጅተው ነበር፤ «እኔ» እና «እርሱ» የሚሉ ሁለት ክቦች ከተራራቁበት እስከ ተደራረቡበት በሰባት ሥዕል ቀርበው ሰው የእርሱን ይመርጣል። በፍቅር ውስጥ ክቦቹ መደራረባቸው ተፈጥሯዊ ነው፤ የሌላው ሙዚቃ፣ ጓደኛ፣ ቀልድና ዕቅድ የራሳችን ይሆናል። ኤሪካ ስሎተር፣ ዌንዲ ጋርድነርና ኢላይ ፊንክል እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ከመለያየት በኋላ ሰዎች ስለ ማንነታቸው የነበራቸው ግልጽነት እንደሚቀንስ፣ ይህም ከሐዘናቸው ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ስለዚህ የተለያየ ሰው «አሁን ማን እንደሆንኩ አላውቅም» ሲል እያጋነነ አይደለም፤ የደረሰበትን በትክክል እየተናገረ ነው።

በዚህ ጊዜ የሚረዳው በግንኙነቱ ምክንያት የተቋረጡትን ነገሮች አንድ በአንድ ማንሳት ነው፤ ከተራራቁት ጓደኛ ጋር ቡና መጠጣት፣ ወደተተወው ትምህርት ወይም ማኅበር መመለስ፣ ከእርሱ ጋር የተለመዱትን ነገሮች ደግሞ «ይህ የእኔ ሆኖ ይቀራል ወይስ የእርሱ ነበር?» ብሎ መለየት። የቀድሞውን ጓደኛ በማኅበራዊ ሚዲያ መከታተል ቁስሉን በየቀኑ ስለሚነካ መተው ይሻላል፤ የጋራ የይለፍ ቃሎችም ወዲያው ይለወጡ። ሐዘኑ ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ ወይም ሕይወትን የመጥላት ሐሳብ ካመጣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም በአቅራቢያው ባለ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል መሄድ ያስፈልጋል፤ በአዲስ አበባ የቅዱስ አማኑኤል ሆስፒታል ለዚህ አገልግሎት ከሚታወቁት ቀዳሚው ነው።

ሌላ ሰው ቶሎ መያዝ ሕመሙን ያስታግሳል፤ ነገር ግን የፈረሰው ግልጽነት ሳይመለስ የሚጀመር ግንኙነት ያንኑ ባዶ ቦታ በአዲስ ሰው ምርጫ ይሞላዋል። መቼ መጀመር እንደሚቻል የሚወስን የጊዜ ልክ የለም። ሰውየው ያለፈው ግንኙነት ለምን እንዳበቃ የራሱን ድርሻ ጨምሮ ያለ ቁጣ መናገር ከቻለ፣ አንድ ቅዳሜን ብቻውን ሲያሳልፍ ምን ማድረግ እንደሚወድ ካወቀ፣ በሚቀጥለው ሰው ምን እንደማይቀበልም ለይቶ መናገር ከቻለ ለመጠናናት ዝግጁ ነው።